ክርስቶስ ሠምራ ያልተቀበለችው ጃንጥላ

ትምህርት ካቆምሁ ወዲህ ስሜን ከመፈረም በቀር ብዕር ይዤ አላውቅም። ታሪክ ጽፌማ ጨርሶ አላውቅም። ሰው ፊት ቆሜ መናገርም አይሆንልኝም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ፊት ተናግሬአለሁ፤ ያውም በሞንታርቦ። የምጽፍላችሁ ስለዚያ ቀን ነው። ላሳጥረው ብል ያሳፈረኝን ቦታ ዘልዬ አልፋለሁና፣ ረዘም ቢልባችሁ ታገሡኝ።

እናንየ እባላለሁ። የተወለድሁት ከገሳይ ወረድ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ስድስተኛ ክፍልን እንደ ጨረስሁ አክስቴን ላግዝ ደብረ ታቦር መጣሁ፤ አክስቴ ወደ ልጆቿ ስትሄድ እኔ እዚያው ቀረሁ። በመናኸሪያው በር ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እሸጣለሁ። ሌሎቹ ሻጮች መንገደኛውን "ና የኔ ጌታ፣ ትኩስ አለ" እያሉ ይጠራሉ። እኔ የድስቱን ክዳን ከፍቼ እንፋሎቱ እንዲጠራልኝ እጠብቃለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ለሌላ ሰው መስሎኝ ዞር የምልበት ጊዜ አለ።

የተከራየኋት ክፍል እትየ አበራሽ ግቢ ውስጥ ናት። እትየ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው ማሪቱ ይፋግ ያገባችባቸው ሴት ናቸው። ሲቆጡም ሲመርቁም ድምፃቸው አንድ ነው፤ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሰፈሩ ይፈራቸዋል፤ ሲቸግረው ደግሞ የሚሮጠው እሳቸው ዘንድ ነው።

አምና አንድ ልጅ ለትዳር ጠየቀኝ። አናጺ ነው። ድንች ሊበላ ይመጣና ሳይናገር ይበላል፤ እኔም ሳልናገር እሰጠዋለሁ። ሳንነጋገር ተስማማን ማለት ይቻላል። ከዚያ ሽማግሌ ወደ አባቴ ተላከ። እንደምታውቁት ነገሩ ከመታሰሩ በፊት የልጁ ወገን የልጅቱን ጠባይ ከጎረቤት ያጣራል። የልጁ አጎት ሊጠይቁ እትየ አበራሽ ዘንድ መጡ።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ወንድሜ አጥናፉ ሆስፒታል ሊታይ ከገሳይ መጥቶ እኔ ዘንድ አድሮ ነበር። ሲመጣ እትየ ለቅሶ ሄደዋል። ሲሄድ ደግሞ መኪና እንዳያመልጠው ጎህ ሲቀድ ነው የወጣው። እትየ ከደጃፋቸው ቆመው አንድ ጎልማሳ ጋቢውን ተከናንቦ ከቤቴ ሲወጣ አዩት። አጎትየው ሲጠይቋቸውም ያዩትን ተናገሩ።

"ጨዋ ናት እል ነበር። አሁን ግን ጎህ ሲቀድ ወንድ ከቤቷ ሲወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ በነፍሴ አልዋሽም" አሏቸው።

ነገሩ በዚያው ቀረ። ልጁ ስልክ ማንሳት ተወ፤ ድንች ሊበላም አልመጣም። አባቴ ገበያ መውጣት አፈሩ። ምክንያቱን የነገረችኝ አጠገቤ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ናት፤ እሷም ከልጁ ዘመዶች ሰምታ።

እኔ ምን አደረግሁ? በማግስቱ ጠዋት እትየን "እንዴት አደሩ?" አልኋቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንችስ ደኅና አደርሽ?" አሉኝ። ውሃዬን ቀድቼ ገባሁ። "ወንድሜ እኮ ነበር" ማለት አቃተኝ። ቀኑን ሙሉ እያመላለስሁት ዋልሁ፤ ማታ ደግሞ ነገ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ነገ ሲሆን ደግሞ ውሃዬን ቀድቼ እገባለሁ። እንዲህ ሲል ሲል ነገሩ ሆዴ ውስጥ እንደ እርሾ ኮመጠጠ።

ግንቦት ሃያ አራት ቀን ክርስቶስ ሠምራ ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያኗ ከከተማው ወጣ ብላ ጥድ መካከል ናት። ክርስቶስ ሠምራ ጣና ላይ የተጋደለች የእኛው አገር ቅድስት ስለሆነች እንደ ዘመድ ነው የማያት፤ ስዕሏም ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል። ግንባሬን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አስደግፌ እንዲህ አልሁ፦

"እናቴ ክርስቶስ ሠምራ፣ እትየ አበራሽ ስሜን ያጠፉበትን አፋቸውን ዝጊልኝ። ዘርፍ ያለው ጃንጥላ አስገባልሻለሁ።"

እንግዲህ ስረግም እንኳ በአንቱታ ነበር።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከእትየ ቤት የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ስሮጥ ጎረቤትም ደረሰ። እትየ ከምድጃው አጠገብ ወድቀዋል። ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ሄዷል፤ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። ሊናገሩ ይሞክራሉ፤ የሚወጣው ግን ቃል የሌለው ድምፅ ነው። ባጃጅ ተጠራ፤ ተሸክመን ስናስገባቸው እግራቸውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። እጄ እግራቸውን እንደ ያዘ ልቤ "ሰማችኝ" አለ። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ደስ አለኝ።

ሐኪሞቹ ደም ግፊት ነው፣ ባሕር ዳር ቢሄዱ ይሻል ነበር አሉ። ያን ሰሞን ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ማሪቱ ከይፋግ የደረሰችው መንገዱ ሲከፈት ነው፤ እናቷንም ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው አመጣቻቸው። እኔም እንደ ሰው ልጠይቃቸው ገባሁ። በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ፣ "እግዚአብሔር ይማርዎ" አልሁ፣ አፋቸውን አየሁና ወጣሁ።

ፍልሰታን ከሌላው ዓመት ይልቅ አጥብቄ ጾምሁ፤ ኪዳንም ቅዳሴም አላስታጎልሁም። ጾሙ ሲፈታ ጃንጥላውን ገዛሁ። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን የወርቅ ቀለም ያለው ዘርፍ ይዞራል። ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ ስዕሏ ሥር አስቀመጥሁት።

ነሐሴ ሃያ አራት ቀን ዓመታዊው በዓል ደረሰ።

ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከከተማውም ከጋፋት በኩልም ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይጎርፋል። ከቅዳሴ በኋላ ታቦቱ እስኪወጣ ድረስ ስለት ይገባል። ከጥዱ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ቄስ አለልኝ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ቆመዋል። ስለት ያለው ይሰለፋል፤ ያመጣውን ያስረክባል፤ ቄሱ እናታችን ያደረገችለትን ለሕዝቡ ያሰማሉ፤ ሕዝቡም እልል ይላል። በስተግራ በሸራ ዳስ ውስጥ ለጠበል የመጡ ሕመምተኞች ተቀምጠዋል። ወደዚያ አላየሁም።

ከፊቴ በግ የያዘች ሴት ነበረች፤ ሳቂታ ናት።

"ይኸ በግ ከኔ የበለጠ ጸሎተኛ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ" አለችኝ። "አንችስ የኔ እኅት፣ ባል ነው ልጅ?"

ዝም አልሁ።

"ዝም ካልሽማ ባል ነው" ብላ ወደ ኋላችን ዞረች። "ሙሽራ አለችን፣ መንገድ ልቀቁ።"

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግሁ።

ተራዋ ደረሰ። ልጅ ሳትወልድ ብዙ ቆይታ ወንድ ልጅ እንዳገኘች ቄሱ ተናገሩ። ጥዱ እስኪነቃነቅ እልል ተባለ። በጉ ተወሰደ። እኔ ቀረብሁ።

ቄስ አለልኝ ላስቲኩን ገልጠው ጃንጥላውን አዩትና ፊታቸው በራ። "ግሩም ጃንጥላ ነው። ምን አድርጋልሽ ነው ልጄ?"

ስለቴን ስሳል ይህን አላሰብሁትም ነበር፤ እመኑኝ። ጃንጥላውን አስቤአለሁ፣ ቀለሙን አስቤአለሁ። ምን አደረገችልሽ ተብዬ እንደምጠየቅ ግን አላሰብሁም። ሹክ አልኋቸው። አልሰሙኝም።

"አታፍሪ፤ የእግዚአብሔር ሥራ አያሳፍርም" አሉና ድምፅ ማጉያውን ወደ አፌ አስጠጉት። "በይ ራስሽ ተናገሪው፣ ሕዝቡም ይስማ።"

"አፋቸውን ዘግታልኝ" አልሁ።

ድምፄን ከጥዱ ላይ ከተሰቀለው ሞንታርቦ ሲወጣ ሰማሁት። የኔ አልመሰለኝም። ቄሱም ነገሩ ገና አልገባቸውም።

"የማንን አፍ?"

"የእትየ አበራሽን። ስሜን አጥፍተው ነበር። ዝጊልኝ ብዬ ተስዬ፣ ይኸው ዘጋችልኝ።"

ከወደ ኋላ ያሉት ሴቶች እንደ ልማዳቸው እልል አሉ። ከፊት ያሉት ግን አላሉም። እልልታው ግማሽ መንገድ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ የሚሰማው ከሸራው ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ሆነ።

ከዳሱ ውስጥ አንዲት ሴት ተነሣች። ማሪቱ ናት። ከእግሯ ሥር እትየ አበራሽ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ለጠበል አምጥታቸው ኖሯል። እኔ ጃንጥላዬን ሳነሣ እነሱ ከእኔ ቀድመው ከግቢያችን ወጥተው ነበር፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም፣ አላየሁም።

"እናቴ ናት" አለች ማሪቱ። ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም፤ የእናቷ ልጅ ናት። "የምትሏት አበራሽ እናቴ ናት። ይችውላችሁ።"

ሕዝቡ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ዳሱ አየ። በግ ያስገባችው ሴት አጠገቤ ነበረች። "እኔ ደግሞ ባል መስሎኝ" አለች ቀስ ብላ፣ ከእኔም ራቅ አለች።

ቄስ አለልኝ ድምፅ ማጉያውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ሌላ ቄስ ጠርተው አስረከቡና "ጃንጥላሽን ያዥ" አሉኝ። ወደ ቤተልሔሙ ጀርባ ይዘውኝ ሄዱ። እግሬ እንዴት እንደ ወሰደኝ አላውቅም።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ስለት ስቀበል ሸበትሁ። ብዙ ጉድ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለውን በሞንታርቦ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነው" አሉ።

እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

"ክርስቶስ ሠምራን ታውቂያታለሽ?"

"ስዕሏ ቤቴ አለ፣ አባ።"

"ስዕሏን አልጠየቅሁሽም። እሷን ነው።"

ጣና ላይ እንደ ጸለየች አውቃለሁ፤ ስለት እንደምትሰማ አውቃለሁ። ሌላ የማውቀው አልነበረኝም።

"እሷ ባለጠጋ ባለትዳር ሴት ነበረች" አሉ ቄስ አለልኝ። "አገልጋይ ነበረቻት። አንድ ቀን አገልጋይዋ ነገር አብዝታ አስቆጣቻት። ክርስቶስ ሠምራ ምን ያደረገች ይመስልሻል? ከምድጃው የእሳት ትንታግ አንሥታ በልጅቱ አፍ ከተተችባት። ልጅቱ ሞተች።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። የቀለዱብኝ መሰለኝ።

"አዎ፣ የአንችው ክርስቶስ ሠምራ። የሰው አፍ መዝጋትማ እሷም ታውቀው ነበር። ግን ጃንጥላ አልገዛችለትም። ወድቃ አለቀሰች። 'ይችን ልጅ ብታስነሣልኝ ዓለምን ትቼ እከተልሃለሁ' አለች። እግዚአብሔርም ሰማት፤ ልጅቱ ተነሣች። እሷም ቤቷን፣ ሀብቷን፣ ልጆቿን ትታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኗ ሁሉ ያን የተዘጋ አፍ ተከትሎ የመጣ ነው።"

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። እሳቸው አልተነሡም።

"በመጨረሻ ምን ብላ እንደ ለመነች ታውቂያለሽ? ሰይጣንን ማርልኝ ብላ ለመነች። ሰው እንዳይሳሳት፣ እሱም ከአምላኩ ይታረቅ ብላ። ሲኦል ደጃፍ ድረስ ሄዳ በስሙ ጠራችው፤ እሱም እጇን ይዞ ጎተታት። ቅዱስ ሚካኤል ነው ያወጣት። እንግዲህ ለሰይጣን እንኳ ምሕረት የለመነችው እናት ዘንድ ነው አንች ለእትየ አበራሽ ቅጣት ልትለምኝ የመጣሽው።"

"አባ፣ እኔ ነኝ ያሳመምኋቸው?" አልሁ። ከዚያ ቀን በፊት ይህን ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

"አንች ምን ኃይል አለሽና? በሽታው በሽታ ነው። ክርስቶስ ሠምራም የሰው ፊት ስታጣምም አትውልም፤ ተይ እሱን። ሲወድቁ ያየሽ ጊዜ የተሰማሽ ግን ያንች ነው። እሱን ማንም አልሰጠሽም።"

ያን ጊዜ አለቀስሁ። አጽናኑኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አላጽናኑኝም። ተነሡና ጃንጥላውን በጣታቸው አሳዩኝ።

"ይህን ለእሷ ብዬ አልቀበልሽም። ዝናብ እየመጣ ነው፤ ዳሱም ያፈሳል። ሂጅና ለሰው ዘርጊው።"

በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። እኔ የተሸከምሁት ዘርፍ ያለው ጃንጥላ ነበር። ከቤተልሔሙ እስከ ዳሱ ያለውን መንገድ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ለቀቀልኝ። አንዳንዱ አፉን በነጠላው ይሸፍናል። ሊስቁ ይሁን ፈርተውኝ አላወቅሁም።

እትየ አበራሽ እግር ሥር ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። "እትየ፣ ስለ ክርስቶስ ሠምራ ብለው ይቅር ይበሉኝ" አልሁ።

እትየ አዩኝ። ደኅነኛው ዓይናቸው ብቻ ነበር የሚያየኝ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ወጣ፤ ቃል ግን አልሆነም። ፊታቸውን ወደ ሸራው መለሱ።

"ምን ትበልሽ?" አለች ማሪቱ ከላዬ ቆማ። "ይቅር ለእግዚአብሔር የሚል አፍ የታለ? አንች አይደለሽ ያዘጋሽው?"

ይቅር እንዲለኝ የምፈልገው አፍ፣ ይዘጋልኝ ብዬ የተሳልሁበት አፍ ነው።

"ያን ቀን የወጣው ሰው ወንድሜ ነበር" አልሁ።

"አሁን ነው የምትናገሪ?" አለች ማሪቱ።

ሸራው ከእትየ ራስ በላይ ያፈስ ነበር። ጃንጥላውን ዘረጋሁት። ማሪቱ ገፋችው፤ ውሃው የእናቷን አንገት ሲነካ ግን እጇን መለሰች። ቆምሁ። ታቦቱ ወጣ፤ ዝማሬው ተጀመረ፤ ሕዝቡ ታቦቱን ተከትሎ ዞረ። እኔ ለቤተ መቅደስ የተገዛ ጃንጥላ በአንዲት ሕመምተኛ ላይ ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ክንዴ ዛለ፤ እጄን ብቀይር የሚወድቅ መሰለኝ። የሚያልፈው ሁሉ ያየኛል። አንድ ቃል ያናገረኝ ሰው የለም። እትየም ወደ እኔ አልዞሩም። ታቦቱ እስኪገባ ድረስ እንዲያ ቆምሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ በመናኸሪያው ስሜ "አፍ አዘጊዋ" ሆነ። "አፍ አዘጊዋ፣ ሚጥሚጣ ጨምሪልኝ፤ አፌን ግን ተይልኝ" ይሉኛል ረዳቶቹ። የባሰው ግን ሌላ ነው። አንዲት ሴት ሰው ሲጎድል ጠብቃ መጣችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እኅቴ፣ ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው? እኔም አንዲት ጎረቤት አለችኝ" አለችኝ። እሷን ሳይ ራሴን አየሁ። "ቄስ አለልኝን ጠይቂያቸው" አልኋት። ተቀይማኝ ሄደች።

ማሪቱ ይፋግ ልጆች አሏት፤ ብዙ መቆየት አልቻለችም። ልትሄድ ስትሰናዳ እኔ ደጃፉ ላይ ቆምሁ። መናገር እንደ ልማዴ አቃተኝና መጥረጊያውን አነሣሁ። አየችኝ። "እናቴን ብትጎጂያት በሕግ ነው የምጠይቅሽ" አለች። "አጥሚቱን በማንኪያ ነው፤ በግራ በኩል ስጫት፤ በቀኝ ይፈስባታል።" ቁልፉን ሰጥታኝ ሄደች።

መጀመሪያ ላይ እትየ አልበላም አሉ። አጥሚቱን ፊቴ ላይ ተፉት። ጠረግሁና እንደገና አቀረብሁ። ቄስ አለልኝ ሊጠይቋቸው መጡና፣ "እናንየን ይቅር ብለዋታል? ራስዎን ብቻ ቢነቀንቁ ይበቃል" አሏቸው። እትየ ራሳቸውን አልነቀነቁም። ቄሱም አልተጫኗቸውም። ሲወጡ፣ "ጥሩ ነው። እንዲያው ለይምሰል አለመነቅነቃቸው ደግ ነው። አንች ግን ሥራሽን ሥሪ" አሉኝ።

ጠዋት ድንቼን ከመጣዴ በፊት አጥባቸዋለሁ፤ ማታ ስመለስ አበላቸዋለሁ። የአፋቸውን ጎን የምጠርገው እኔ ነኝ። ያን አፍ በየቀኑ አየዋለሁ። ሐኪሙ ቃል እንዲደጋግሙ አናግሪያቸው ስላለኝ፣ እኔ ለማንም የማልናገረው ሰው ቁጭ ብዬ ማውራት ተማርሁ። ስለ ድንቹ፣ ስለ ረዳቶቹ፣ ስለ አጥናፉ፣ ስለ አባቴ። ስለ አናጺውም አወራኋቸው፤ ሌላ ማግባቱን ሰምቼ ነበር። ያን ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው ዋሉ።

ከቃል ሁሉ መጀመሪያ የወጣላቸው "እምቢ" ነው። ቀጥሎ "ውሃ"። ከዚያ "ማሪቱ"። ይቅርታን የሚመስል ግን አልወጣም። እኔም ቃሉ ይመለስላቸው ብዬ በየወሩ በሃያ አራት ቀን እሳለማለሁ። ጃንጥላ አልተሳልሁም።

እናንተ የምታነቡ፣ እኔ ለማስተማር የምበቃ ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። የቅዱሳንን ስዕል ግድግዳችን ላይ እንሰቅላለን፤ በዓላቸውን እናከብራለን፤ ስለት እናስገባለን። እኔ ግን ክርስቶስ ሠምራ ምን እንድታደርግልኝ እንጂ ምን እንዳደረገች ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሲኦል ወርዶ ሰይጣንን ማስታረቅ ከእኔ አይጠበቅም፤ ያ የእሷ ነው። እሷ ግን ያስቀየማትን አፍ በእሳት ዘግታ፣ አልቅሳ አስከፈተች። ጠላት የሚባለውንም ራሷ ሄዳ በስሙ ጠራችው። እኔ አንድ ግቢ ውስጥ ሆኜ አንዲት ባልቴትን "እትየ፣ ተሳስተዋል" ማለት አቅቶኝ፣ ጭቃ አቋርጬ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ከሰስኋቸው። ዓይነ አፋርነቴን ትሕትና ነው ብዬ አስብ ነበር። ትሕትና አልነበረም። አፌን ዘግቼ ልቤን ግን አልዘጋሁም።

አሁንም ያሳፍረኛል። ነጠላዬን ለብሼ ቅዳሴ ስቆም ያሳፍረኛል። ሰው በሞንታርቦ ሲናገር ስሰማ ያሳፍረኛል። እፍረቱ ይለቀኛል ብዬ አልጠብቅም፤ ይልቀቀኝ ብዬም አልጸልይም።

ታኅሣሥ ላይ ነው። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር እትየን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ። እኔ ከኋላቸው ነኝ፤ ፊታቸው አይታየኝም። እያወራሁ ነበር፤ ስለምን እንደሆነ እንኳ ረስቼዋለሁ። ደኅነኛ እጃቸውን አነሡና ሚዶውን የያዘውን እጄን ያዙት። ቃሉ እየተቆራረጠ፣ አንዱ ከአንዱ እየራቀ ነው የወጣው። መካከል ላይ ቆመው ተነፈሱ፤ እኔም አልረዳኋቸውም፤ ጠበቅሁ። እንዲህ አሉኝ፦

"እኔም... ክፉ ተናግሬአለሁ። ግን ልጄ... ለክርስቶስ ሠምራ... ከመንገርሽ በፊት... ለእኔ ብትነግሪኝ... ምን ነበረበት?"